የእንቅልፉ ሰዓት ለማን ይቆጠራል?

አይቢኤም ሲስተም/360 የተባሉትን ማሽኖች ለገበያ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1964 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በነዚያ ክፍል በሚሞሉ ኮምፒውተሮች ማህደረ ትውስታ ውስጥ 80 ቁጥር አድራሻ ለአንድ ሥራ ብቻ ተለይቶ ተቀምጦ ነበር። እዚያ የተጻፈ ቁጥር ፕሮግራሙ ሳይነካው በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከዜሮ በታች ሲወርድ ማሽኑ የያዘውን ሥራ ያቋርጥና ጊዜው መድረሱን ያሳውቃል። ምቱን የሚያገኘው ከግድግዳው መብራት ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ የአውሮፓው ደግሞ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ መሐንዲሶቹ ቁጥሩ አሜሪካ ላይ በየምቱ 5፣ አውሮፓ ላይ በየምቱ 6 እንዲቀንስ አደረጉት። ሁለቱም በሰከንድ 300 ይመጣሉ፤ ኒውዮርክ የተጻፈ ፕሮግራም ፓሪስ ሄዶም ሰዓቱ አይዛነፍበትም። ሙሉ ዙሩን ለመጨረስ 15 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ ነበር።

ይህ ቆጣሪ አንድ ጠባይ ነበረው፤ ኦፕሬተሩ ማሽኑን ሲያቆመው እሱም አብሮ ይቆማል። «ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቀስቅሰኝ» ያለ ፕሮግራም፣ ማሽኑ በመሃል ለአንድ ሰዓት ቢቆም የሚነቃው ከአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው። ይህ ልክ ነው ወይስ ስህተት? መልሱ ፕሮግራሙ አሥሩን ደቂቃ በፈለገበት ምክንያት ይወሰናል። ለሥራው የተመደበለትን ጊዜ እየለካ ከሆነ ልክ ነው፤ ማሽኑ ቆሞ ሳለ ምንም አልሠራምና። ከውጭው ዓለም ጋር ቀጠሮ ይዞ ከሆነ ግን ቀጠሮውን ሰብሯል።

አይቢኤም ለዚህ መልስ ለመስጠት ብዙ አልቆየም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የመጣው ተተኪ፣ ሲስተም/370፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ የሚቆጥርና ፕሮሰሰሩ ሠራም ቆመም የማይቆም የቀን ሰዓት ይዞ መጣ። በዚህ ላይ ሁለት መቀስቀሻዎች ታከሉ። አንደኛው የቀኑ ሰዓት ከተቀጠረው ልክ ሲደርስ ይጮሃል። ሁለተኛው ወደ ታች የሚቆጥረው ፕሮሰሰሩ በሥራ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። አንዱ ቀጠሮ ጠባቂ፣ ሌላው ቆይታ ለኪ። የፕሮግራሙ ጸሐፊ የሚፈልገውን መርጦ ይወስዳል። ነገሩ እዚያው አልቆ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክም አይኖርም ነበር፤ ግን ትንንሾቹ ኮምፒውተሮች ሲመጡ ይህን ልምድ ከትልልቆቹ አልወረሱትም።

በዚያው ዘመን ቤል ላብስ ውስጥ ዩኒክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም እያደገ ነበር። የ1971ዱ የመጀመሪያ እትም ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ 60ኛ ክፍል ነው፤ በ32 ቢት ቁጥር ላይ ይህ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ብቻ ያስኬዳል። ጉድለቱ ኋላ ላይ ታረመ፤ ልማዱ ግን ቀረ። ዩኒክስ ጊዜን የሚያውቀው ራሱ እየቆጠረ ነው። ሃርድዌሩ በየምቱ ሲነካው አንድ ይጨምራል፤ ያልቆጠረው ምት ለእሱ ያልኖረ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ይህ ማንንም አላስጨነቀም። ማሽን ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። ከጠፋ ፕሮግራሞቹም ከነቀጠሯቸው ይሞታሉ፤ ማንም ተነስቶ «ስንት ሰዓት ተኛሁ?» ብሎ አይጠይቅም።

የ1981ዱ የአይቢኤም ፒሲ ደግሞ ከዚህም የባሰ ድሃ ነበር። የኢንቴል 8253 ቺፕ በሰከንድ 18.2 ጊዜ ያህል ይቀሰቅሰዋል፤ በባትሪ የሚሄድ ሰዓት ግን የለውም። ስለዚህ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ዶስ በተነሳ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ከተጠቃሚው ይጠይቅ ነበር። በ1984 ፒሲ ኤቲ ሲመጣ ሞቶሮላ የሠራው ኤምሲ146818 ቺፕ ከነባትሪው ገባ። በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትንቀጠቀጥ ክሪስታል ይመራዋል፤ ኮምፒውተሩ ከሶኬት ቢነቀልም መቁጠሩን አያቋርጥም፤ የማንቂያ ደወልም አለው። የዛሬው ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ሰዓት የዚያ ቺፕ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሰዓቶች አብረው ይኖራሉ። አንዱ ፈጣንና ጥቃቅን ነገር የሚለካ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሲቆም ይቆማል። ሌላው ዘገምተኛ ነው፣ ከሰከንድ በታች አያውቅም፤ ግን አይተኛም። ኦፕሬቲንግ ሲስተሞቹ የማይተኛውን የሚጠይቁት ሲነሱ አንድ ጊዜ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ውሏቸው ከፈጣኑ ጋር ነው።

ፕሮግራሞች የሚያስይዙት ቀጠሮ ሲበዛ አያያዙም መልክ ያዘ። በ1987 ጆርጅ ቫርጊስና ቶኒ ላክ ቀጠሮዎችን በመንኮራኩር ጥርሶች ላይ የሚደለድል ዘዴ አሳተሙ። በየምቱ መንኮራኩሩ አንድ ጥርስ ይዞራል፤ እዚያ ጥርስ ላይ የተሰቀለው ቀጠሮ ሁሉ ይጠራል። ሺህ ቀጠሮ ቢኖርም በየምቱ ሁሉንም መፈተሽ አያስፈልግም። ሊኑክስን ጨምሮ ብዙ ሲስተሞች በዚሁ ሐሳብ ላይ ተሠርተዋል። ዘዴው የቆመበት ግምት ግን ምት አይዘለልም የሚል ነው። በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚመታ ሲስተም ለስምንት ሰዓት ቢተኛ ያመለጠው 28.8 ሚሊዮን ጥርስ ነው። እነዚያን ሁሉ አዙሮ ይድረስባቸው? ወይስ ምንም ጊዜ እንዳላለፈ ቆጥሮ ከቆመበት ይቀጥል?

ጥያቄው ከወረቀት ወርዶ ሰው እጅ የገባው በላፕቶፖች ነው። በ1989 የወጣው ማኪንቶሽ ፖርተብል እንደ መኪና ባትሪ የእርሳስ ባትሪ ተሸክሞ ይተኛና ይነቃ ነበር። በ1990 ኢንቴል 386ኤስኤል የተባለውን ፕሮሰሰር ሲያወጣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የማያየው ድብቅ የሥራ ሁኔታ ጨመረበት፤ በማሽኑ ውስጥ የተቀረጸው መነሻ ፕሮግራም፣ ባዮሱ፣ ከበስተጀርባ ገብቶ ማሽኑን ማብረድ፣ ማስተኛት ይችላል። ማይክሮሶፍትና ኢንቴል በ1992 ኤፒኤም የተባለውን የኃይል አያያዝ ስምምነት ሲያወጡም የመጨረሻው ሥልጣን የባዮሱ ነበር። ዶስም ሆነ ሊኑክስ ሲነቁ የቆጠሩት ምት ከተኙበት ላይ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ክዳኑ የተዘጋ ላፕቶፕ ጠዋት ሲከፈት አሁንም ማታ ሦስት ሰዓት ነው ይላል። የሊኑክሱ የኤፒኤም ድራይቨር ለዚህ ቀላል መድኃኒት ነበረው፤ ሲነቃ የባትሪውን ሰዓት አንብቦ የግድግዳውን ሰዓት ያርማል። በስክሪኑ ጥግ የሚታየው ሰዓት ተስተካከለ፤ ከሥሩ የተሰለፉት ቀጠሮዎች ጉዳይ ግን እንዳለ ቀረ።

በዲሴምበር 1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ የኤፒኤምን ተተኪ፣ ኤሲፒአይን፣ አወጡ። ሥልጣኑ ከባዮስ ወደ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተመለሰ፤ የእንቅልፍ ደረጃዎችም ቁጥር ወጣላቸው። ኤስ3 ሁሉም ነገር ጠፍቶ ራም ብቻ መብራት የሚያገኝበት ነው። ኤስ4 ሃይበርኔሽን ነው፤ በራም ያለው ሁሉ ወደ ሃርድ ዲስክ ይጻፍና ማሽኑ ጨርሶ ይጠፋል። ዊንዶውስ 2000 ሃይበርኔሽንን ብዙ ሰው ጋ አደረሰው፤ በዲስኩ ላይ የራሙን ያህል ቦታ የሚይዘውን ትልቅ ፋይል ያየ ያውቀዋል። ሊኑክስ ላይ ፓቬል ማቼክ የተንከባከበው ኮድ በ2002 ወደ ከርነሉ፣ ማለትም ወደ ሲስተሙ እምብርት፣ ገባ። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሲሟጠጥ ላፕቶፑ ሰነዱን ከነክፍት መስኮቱ አስቀምጦ የሚጠፋልን በዚሁ ዘዴ ነው።

ከሃይበርኔሽን መንቃት ከእንቅልፎቹ ሁሉ የከበደ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው አዲስ ከርነል ነው። ይህ አዲሱ ዲስኩን ሲያይ የቀድሞውን ምስል ያገኛል፤ ምስሉን ወደ ራም እየገለበጠ ይጭንና በመጨረሻ ራሱን ሽሮ ሥልጣኑን ለአሮጌው ያስረክባል። አሮጌው ከርነል የሚነቃው ከተኛበት መስመር ላይ ነው። በእሱ ዘንድ ያለፈ ጊዜ የለም። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን ፈጣን ቆጣሪ ቢጠይቅ የሚያገኘው የተሳሳተ መልስ ነው፤ መብራቱ ስለጠፋ ቆጣሪው ከዜሮ ጀምሯል፤ ከርነሉ ከመተኛቱ በፊት ካየው ቁጥር እጅግ ያነሰ ነው። እሱን አምኖ ቢቀንስ ጊዜ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ መነሻ ይይዝለታል፤ ያለፈውን ጊዜ ለማወቅ ደግሞ ወደዚያ ወደማይተኛው የባትሪ ሰዓት ይሄዳል። ሲተኛ ያነበበውን ሲነቃ ካነበበው ላይ ይቀንሳል፤ ልዩነቱ የእንቅልፉ ርዝመት ነው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የባትሪው ሰዓት ግን ከሰከንድ በታች ስለማያውቅ በየእንቅልፉ እስከ አንድ ሰከንድ የሚደርስ ስህተት ይገባል። በቀን ሃያ ጊዜ ክዳኑ የሚከፈትና የሚዘጋ ላፕቶፕ ላይ ይህ ይጠራቀማል፤ የሊኑክስ ከርነል በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለውን ልዩነት መዝግቦ ለማካካስ የሚሞክር ኮድ ያለው ለዚህ ነው። ማሽኑ ተኝቶ ሳለ አንድ ሰው ባዮስ ገብቶ ሰዓቱን ወደ ኋላ ቢመልሰው ወይም ትንሿ ባትሪ ብትሞት ልዩነቱ አሉታዊ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከርነሉ የእንቅልፉ ርዝመት ዋጋ እንደሌለው በማስጠንቀቂያ ጽፎ ቁጥሩን አይቀበለውም። ዊንዶውስ የባትሪውን ሰዓት በአካባቢ ሰዓት፣ ሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት መያዛቸውም ሌላ ጣጣ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሁለቱን በአንድ ላፕቶፕ የሚጠቀም ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ሦስት ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የእንቅልፉ ርዝመት ታወቀ እንበል። ለማን ይነገር? የግድግዳው ሰዓት ወደፊት መዝለሉ አያከራክርም። የሚያከራክሩት በመንኮራኩሩ ላይ የተሰቀሉት ናቸው። በሊኑክስ 2.6 ከርነል የመጀመሪያ ዓመታት በኢንቴል ማሽኖች ላይ የነበረው ኮድ የእንቅልፉን ርዝመት በምት አባዝቶ በቆጣሪው ላይ ይደምረው ነበር፤ በእንቅልፍ ላይ የደረሰ ቀጠሮ ሁሉ ሲነቃ አንድ ላይ ይጮሃል። በ2006 ጆን ስቱልዝ የጊዜ አያያዙን እንደ አዲስ ሲሠራው፣ ቶማስ ግላይክስነርና ኢንጎ ሞልናርም ለጥቃቅን ቀጠሮዎች አዲስ አሠራር ሲያስገቡ፣ ሊኑክስ በሌላኛው ወገን ረጋ። ሞኖቶኒክ የሚባለው ወደ ኋላ የማይሄድ ሰዓት የእንቅልፍን ጊዜ አይቆጥርም ተባለ።

ከከርነል በላይ ያሉትም በየራሳቸው መንገድ ሄደዋል። በ2000 የወጣው ጃቫ 1.3 ታይመር የሚባል መሣሪያ ይዞ መጣ። በቋሚ ፍጥነት እንዲሠራ ከታዘዘ ያመለጠውን ሁሉ ለማካካስ በተከታታይ ይሠራል፤ የሚያየውም የግድግዳውን ሰዓት ነው። በየደቂቃው መልእክት እንዲፈትሽ የታዘዘ ፕሮግራም ስምንት ሰዓት ተኝቶ ቢነቃ 480 ጊዜ በጥድፊያ ይፈትሻል። አቦልና ቶና አምልጦት በረካ ላይ የደረሰ እንግዳ ሦስቱንም ስኒ በአንድ ትንፋሽ ጨልጥ አይባልም፤ ታይመሩ ግን የሚለው ይህንኑ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ጃቫ 5 ያመጣው ተተኪ የግድግዳውን ሰዓት ትቶ ወደ ኋላ የማይሄደውን ያዘ፤ ይሁንና ያ ሰዓት እንቅልፍን መቁጠር አለመቁጠሩ ከሥሩ ባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

የዩኒክሱ ቀጠሮ ያዥ ፕሮግራም፣ ክሮን፣ ደግሞ ተቃራኒው ጥፋት ነበረበት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እንዲሠራ የታዘዘውን ያ ደቂቃ በእንቅልፍ ካለፈ ብዙውን ጊዜ ይረሳዋል። ሁልጊዜ ለሚበራ ሰርቨር የተጻፈ ስለነበር አይፈረድበትም። በ1990ዎቹ መጨረሻ አናክሮን የተባለ ረዳት ተጻፈለት፤ ሥራው መጨረሻ የተሠራበትን ቀን ብቻ መዝግቦ «ዛሬ ተሠርቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሰዓት አያውቅም፤ ማወቅም አላስፈለገውም። አፕል በ2005 ያመጣው ላንችዲ ከሁለቱ መሃል ገባ፤ በቀን መቁጠሪያ የታዘዘ ሥራ በእንቅልፍ ቢያልፈው ሲነቃ ይሠራዋል፤ አምስት ጊዜ ቢያልፈውም የሚሠራው አንዴ ነው። በእኔ ዓይን እስከዚያ ድረስ ከቀረቡት መልሶች ሁሉ ሰው የሚያስበውን የሚመስለው ይህ ነው። በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ግን «በየአሥር ደቂቃው» ተብሎ የታዘዘ ሥራ በእንቅልፍ ካለፈ አለፈ። ከሥሩ ያለው የከርነል መሣሪያ ድካም ስላለበት ነው ሲል የአፕል የራሱ መመሪያ ያምናል።

ከዚያ ስልኮች መጡ። ላፕቶፕ በቀን ጥቂት ጊዜ ይተኛል፤ ስልክ ግን ኪስ ውስጥ ባለበት ሁሉ ይተኛል፣ በየደቂቃው ሊነቃና ሊተኛም ይችላል። የ2008ቱ የመጀመሪያው አንድሮይድ ይህን ከጅምሩ አውቆ ሁለት ሰዓት ለየ፤ አንዱ ስልኩ ነቅቶ የቆየበትን ብቻ፣ ሌላው ከተነሳ ጀምሮ ያለፈውን ሁሉ ይቆጥራል። ቀጠሮ የሚያስይዝ አፕም ከሁለት ነገር ይመርጣል፦ ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩን ቀስቅስ፣ ወይም ስልኩ በራሱ ሲነቃ ንገረኝ። ማንቂያ ደወል የመጀመሪያውን ይፈልጋል፤ የአየር ሁኔታን የሚያድስ አፕ በሁለተኛው ይበቃዋል። ግን ሁሉም አፕ የመጀመሪያውን ቢመርጥ ባትሪው እስከ ምሳ አይደርስም። ይህ እውነት ሆኖ ነው በ2013 የወጣው ኪትካት ተራ ቀጠሮዎችን በግምት እንዲያሠራ፣ በ2015 የወጣው ማርሽሜሎው ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የተረሳን ስልክ በጥልቀት እንዲያስተኛ የተደረገው።

በእንቅልፍ ላይ ያለፈ ቀጠሮ ሌላውን ሰው እንደሚጎዳ በአደባባይ የታየው በ2010 ነው። የአይፒ አድራሻ ለመሣሪያ የሚሰጠው በኪራይ ነው፤ ዘመኑ ሳያልቅ ካልታደሰ አድራሻው ለሌላ ይሰጣል። አከራዩ ሰርቨር አይተኛም፤ ተከራዩ ይተኛል። በዚያ ዓመት የጸደይ ወራት የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የኔትወርክ ባለሙያዎች ገና መውጣቱ የነበረው አይፓድ ኪራዩን ማደስ እንደሚያቆምና ባለቀበት አድራሻ መጠቀሙን እንደሚቀጥል መዝግበው አሳተሙ፤ አንዳንዶቹን አይፓዶችም ከኔትወርካቸው አገዱ። በቀጣዩ ጊዜ አንድሮይድ ስልኮች ላይም ተመሳሳይ ነገር አይተው ጻፉ። ኪራይ ዓይነቱ ቀጠሮ ነው፤ ከባለቤቱ ጋር አብሮ በሚተኛ ሰዓት የሚለካው ደንበኛ ሲነቃ ገና ብዙ ቀን የቀረው ይመስለዋል።

በ2011 ጆን ስቱልዝ ለሊኑክስ አዲስ ሰዓት ጨመረ። ቡትታይም ይባላል፤ ከሞኖቶኒክ የሚለየው የእንቅልፉን ጊዜ ስለሚቆጥር ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በወጣው 3.0 ከርነል ላይ ደግሞ ከአንድሮይድ ልምድ ተወስዶ ማሽኑን ከእንቅልፍ ማስነሳት የሚችሉ ቀጠሮዎች ገቡ፤ ከርነሉ ሊተኛ ሲል ከሁሉ የሚቀድመውን ቀጠሮ ፈልጎ በባትሪው ሰዓት ደወል ላይ ይጽፈዋል። ከ1984 ጀምሮ ቺፑ ውስጥ የተቀመጠችው ደወል ለተራ ፕሮግራሞች የተከፈተችው በዚህ መንገድ ነው።

ማይክሮሶፍት ቤት ለውጡ በተቃራኒ አቅጣጫ ሄደ። ከዊንዶውስ ኤክስፒ እስከ ዊንዶውስ 7 ድረስ «ይህን ያህል ሚሊሰከንድ ጠብቅ» የተባለ ፕሮግራም የእንቅልፉ ጊዜ ይቆጠርበት ነበር። ሰላሳ ሰከንድ ሊጠብቅ ተቀምጦ በአሥረኛው ሰከንድ ክዳኑ ቢዘጋ፣ ጠዋት ሲነቃ የመጀመሪያው ዜና «ጊዜህ አልቋል» ነው። የሚጠብቀው ዲስክ ወይም ኔትወርክ ግን ራሱ ገና እየነቃ ነው። በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ይህ ተገለበጠ፤ መጠበቂያው እንቅልፍን መቁጠር አቆመ። ለአሮጌ ፕሮግራሞች ዝም ብሎ የተደረገ ለውጥ ነው፤ ያው መስመር በሁለት ዊንዶውስ ላይ ሁለት ትርጉም አለው። ያው ዊንዶውስ 8 ሲዘጋ ከርነሉን ሃይበርኔት እያደረገ በፍጥነት የመነሳት ልማድም አመጣ። ማታ ማታ ኮምፒውተሩን በደንብ የሚዘጋ ሰው ታስክ ማናጀርን ከፍቶ «ለ20 ቀን ሳይጠፋ ቆይቷል» የሚል ቢያነብ እንዳይደነቅ፤ ከርነሉ እውነቱን ነው፣ በየማታው ተኛ እንጂ አልሞተም።

አፕል በ2016 በማክኦኤስና በአይፎን ከርነል ላይ እንቅልፍን የሚቆጥር ሰዓት ጨመረ። ያን ጊዜ ሦስቱም ትልልቅ ሲስተሞች ሁለቱንም ሰዓት ይዘዋል። የቀረው ጥያቄ ፕሮግራመሩ ሳይመርጥ የሚያገኘው የትኛው ይሁን የሚለው ነበር። ሊኑክስ ላይ ግላይክስነር በ2018 የጸደይ ወራት ጉዳዩን ሊቋጨው ሞከረ። ሐሳቡ ሞኖቶኒክ ራሱ እንደ ቡትታይም እንቅልፍን ይቁጠር፣ የማይቆጥረውን የሚፈልግ ካለ በአዲስ ስም ይሰጠው የሚል ነው። ለ4.17 ከርነል ተቀባይነት አገኘ። ብልሽት ካመጣ ሊመለስ እንደሚችል ሲቀርብ ጀምሮ ተጽፎ ነበር።

ጉድና ጅራት ወደ ኋላ ነው። የሙከራ እትሞቹ ሲወጡ ዜናው ከየአቅጣጫው መጣ። በሊኑክስ ላይ ሌሎቹን የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ ፕሮግራሞችን የሚከታተለው «በዚህን ያህል ሰከንድ ውስጥ ደህና ነኝ በል» እያለ ነው፤ ላፕቶፑ ሲነቃ ሁሉም ለሰዓታት ዝም ያሉ መሰሉትና ጤነኞቹን ፕሮግራሞች ይገድላቸው ጀመር። የሲስተምዲ የመዝገብ አያያዝም ተረበሸ። ፓቬል ማቼክ፣ ያ በ2002 ሃይበርኔሽንን ወደ ከርነሉ ያመጣው ሰው፣ ከነቃ በኋላ ኔትወርኩ በግማሹ ጊዜ እንደማይሠራ፣ ዴስክቶፑም ገና ከመንቃቱ ስክሪኑን እንደሚያደበዝዝ አሳወቀ። የስክሪን ቆጣቢው ስምንት ሰዓት ሙሉ ማንም ቁልፍ አልነካም ብሎ ስላመነ ነው፤ ሒሳቡም አልተሳሳተም። ሲነቃ ጨርሶ የሚደርቅ ማሽንም ነበር። በኤፕሪል መጨረሻ ለውጡ ተነሳ፤ 4.17 በጁን መጀመሪያ ሲወጣ አሮጌው ትርጉም ተመልሶ ነበር።

እኔ ሐሳቡ ትክክል ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ፤ የዘገየው ግን አሥራ ሁለት ዓመት ነው። በ2006 ቢደረግ ኖሮ ሲስተምዲም ስክሪን ቆጣቢውም በእሱ ላይ ተመሥርተው ይጻፉ ነበር። በ2018 ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች ሰዓቱ አብሯቸው እንደሚተኛ ሳያስቡት አምነው ተጽፈዋል። ደግሞም የተገደሉት ፕሮግራሞች ቅሬታ እውነት ነበረበት፤ «ሰላሳ ሰከንድ ውስጥ መልስ» የተባለ ፕሮግራም ተኝቶ ሳለ ሊመልስ አይችልም። እሱን የሚለካው ቆይታ ነው፤ የአይፒ ኪራዩን የሚለካው ደግሞ ቀጠሮ። ለሁለቱ አንድ ሰዓት መስጠት የትኛውንም ወገን ይመርጥ አንዱን መበደሉ አይቀርም።

በ2022 የወጣው የአፕል የፕሮግራም ቋንቋ፣ ስዊፍት 5.7፣ ለፕሮግራመሩ ሁለት ሰዓት ከነስማቸው ያቀርብለታል፦ ቀጣይ ሰዓትና የሚታገድ ሰዓት። ምርጫውን በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ማስፈር ይችላል፤ ካልመረጠ የሚሰጠው እንቅልፍን የሚቆጥረው ነው።

ድረ ገጾችን የሚጽፉት ግን ይህ ዕድል አልደረሳቸውም። ብራውዘር ውስጥ ያለው ጥቃቅን ጊዜ የሚለካው መሣሪያ በመስፈርቱ መሠረት ኮምፒውተሩ ሲተኛም መቁጠር አለበት። ክሮምና ፋየርፎክስ ይህን የሚያከብሩት ዊንዶውስ ላይ ነው፤ ማክና ሊኑክስ ላይ ከሥራቸው ያለውን ሞኖቶኒክ ሰዓት ስለሚጠይቁ ከማሽኑ ጋር ይተኛሉ። ያንኑ ገጽ በሁለት ላፕቶፖች ከፍቶ፣ ሁለቱንም ማታ ዘግቶ፣ ጠዋት የከፈተ ሰው አንዱ ላይ ስምንት ሰዓት፣ ሌላው ላይ ጥቂት ሰከንድ አልፎ ያገኛል።